ለዋሱስ ዋሱ ማን ነው?

 

ባለፉት ወራት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ደጋግሜ አነበብኳቸው። አንዷ እኅት «አባ፣ እኔ ልጅ አልወለድኩም። አገር ቤት ያለ አንድ ሕፃን በወር 20 ዶላር እየላክሁ ላስተምር እፈልጋለሁ። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ። እውነተኛውን በምን ልለየው?» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «የተወለድኩበት አጥቢያ ሰዎች ‹አንቺ ውጭ አገር ነሽ፤ ለተማሪዎቻችን ስፖንሰር ፈልጊልን› እያሉ ይደውሉልኛል። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስፖንሰር ከየት አመጣለሁ?» ብላ ጽፋለች። አንዷ የምትረዳው ሰው ቸግሯታል፤ ሌላዋ የሚረዳላት ሰው ቸግሯታል። ስመረምረው ግን ሁለቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነኝም ይኸው ነው።

ቃሉን እናንተ ታውቁታላችሁ

ስፖንሰር የሚለውን ቃል ለእናንተ መተርጐም አያሻኝም። በዚህ አካባቢ አገሮች ለኖረ ሠራተኛ ስፖንሰር ማለት ካፊል ነው፤ በመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ ስሙ የሚጻፈው ሰው ነው። ካፊል የሚለው የዐረብኛ ቃል በእኛ አነጋገር ዋስ፣ ኃላፊነት የሚወስድ እንደ ማለት ነው። ዐረቦቹ ወላጅ የሌለውን ሕፃን ወጪውን ችሎ መርዳትንም በዚሁ ቃል «ከፋላ» ይሉታል። ቃሉ ያማረ ነው። ከእናንተ መካከል ካፊሏ እንደ ልጁ ያያት አለች፤ ፓስፖርቷን ቆልፎ፣ ደመወዟን ይዞ ያስለቀሳትም አለች። ሁለቱም ግን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው።

እንግዲህ ከራሳችሁ ኑሮ የተማራችሁት ይህ ነው፤ ስሙ ብቻውን ማንንም ታማኝ አያደርግም። «እኔ ዋስ ነኝ» የሚል ሲመጣ «ለአንተስ ዋስህ ማን ነው? የሚያይህ፣ የሚቈጣጠርህ፣ የሚጠይቅህ ማን ነው?» ማለት ይገባል። እኔ ይህን ባለመጠየቄ የሆነውን ልንገራችሁ።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሊባኖስ፣ በ2009 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። ጎጃም ውስጥ ካለ አንድ ጉባኤ ቤት የተላከ ነው የተባለ ደብዳቤ ደረሰኝ። ክብ ማኅተም አለበት፤ የኔታው ፈርመውበታል፤ ደበሎ የለበሱ ሕፃናት በጎጆ ፊት የተነሡት ፎቶግራፍም አብሮት አለ። «60 ተማሪዎች በረኀብ ሊበተኑ ነውና ስፖንሰር ይፈለግልን» ይላል። እኔም በልጅነቴ ያንኑ ደበሎ ለብሼ ያደግሁ ነኝና አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውን በዐውደ ምሕረት አነበብኩት።

በሦስት እሑድ 1,840 ዶላር ተሰበሰበ። ሕፃን የምትጠብቅ፣ በወር 150 ዶላር የምታገኝ አንዲት ልጅ የዚያን ወር ደመወዟን እንዳለ ከመሐረቧ ፈትታ ሰጠችኝ። «ለመሳፈሪያሽ እንኳ አስቀሪ» ብላት «በእግሬ እሄዳለሁ» አለችኝ። ገንዘቡን በደብዳቤው ላይ በተጻፈው የባንክ ሒሳብ ላክነው። የሒሳቡ ባለቤት አንድ ግለሰብ ነበር። ስሙን አይቼዋለሁ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መጠየቅ ድፍረት መስሎ ታየኝና ዝም አልኩ።

ከትንሣኤ በኋላ በዚያ ወረዳ ቤተ ክህነት ለሚያገለግል የቅኔ ቤት ጓደኛዬ «እንኳን አደረሰህ» ለማለት ደወልኩለት። በጨዋታችን መካከል «ለእነዚያ ተማሪዎች እህሉ ተገዛላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «የትኞቹ ተማሪዎች? የኔታ ካረፉ እኮ ሰባት ዓመታቸው ነው። ተማሪው ያን ጊዜ ተበትኗል፤ ጎጆውም ፈርሷል» አለኝ። ፎቶግራፉ የእውነት ነው፤ ነገር ግን የድሮ ነው። ማኅተሙን አንድ ሰው አስቀርጾታል። ጓደኛዬ ቀጥሎ የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ 40 ተማሪዎች የያዙ ዓይነ ስውር የኔታ አሉ። በየክረምቱ ተማሪዎቻቸው እየተራቡ ይበተናሉ። ለእነርሱ ደብዳቤ የጻፈላቸው የለም።»

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ደመወዟን የሰጠችው ልጅ ከሰዎች ሁሉ በኋላ ቀርባ መስቀል ተሳለመችና «አባ፣ አይዘኑ፤ እኔ የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው» አለችኝ። እርሷ ዋጋዋን አታጣም። እኔ ግን የ30 ቀን ድካሟን ለሌባ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ስለዚህ «ብትታለሉም ግድ የለም፤ ዋጋችሁ በሰማይ ነው» ብዬ አልፋችሁ አልሄድም። ሌባው የወሰደው የእናንተን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የእነዚያን የ40 ተማሪዎች የክረምት እህል ነው የወሰደው። ሳይጠይቁ መስጠት የእውነተኛውን ችግረኛ ድርሻ ለአታላይ መስጠት ይሆናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ለኢየሩሳሌም ድኆች ገንዘብ ሲሰበሰብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጧቸው ሰዎች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት ብሎ ይህን ማድረጉን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። ሐዋርያው ለራሱ ምስክር ካቆመ፣ ከእኛ መካከል «እኔን አትጠይቁኝ» ማለት የሚችል ማን ነው?

የመንደሩ እናቶች

ቅኔ ስማር ስፖንሰሮቼ የመንደሩ እናቶች ነበሩ። አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ውሻውን በዱላዬ እየመለስኩ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እላለሁ። ቁራሹን ከመስጠታቸው በፊት «የማን ተማሪ ነህ? አገርህ የት ነው? ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚሉ እናት ነበሩ። ቸርነት ጎድሏቸው አይደለም። በሰንበት ከየኔታ ጋር ሲገናኙ «ያ ቀይ ልጅ ትምህርት ይገባዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰንፌ ከዋልኩ ይታወቅብኛል፤ ከታመምኩም ይታወቅልኛል። ሰጪዋ ታየኛለች፤ የኔታ ያዩኛል፤ እኔም የምበላው ከማን ሌማት እንደ መጣ አውቃለሁ።

ዛሬ በእናንተና በምትረዱት ልጅ መካከል ባሕር አለ። እናትየዋ በዓይናቸው ያደርጉት የነበረውን ዛሬ የምታደርጉት በወረቀትና በታመነ ሰው ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ አባቶቻችን። መጠርጠር ማለት ግን ገንፎውን መድፋት አይደለም፤ አይቶ መብላት ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት

አንደኛ፣ የሒሳቡን ስም ተመልከቱ። ለድርጅት ወይም ለአጥቢያ የሚሰጥ ገንዘብ በድርጅቱ ወይም በአጥቢያው ስም በተከፈተ፣ ከአንድ ሰው በላይ ፈርሞ በሚያንቀሳቅሰው ሒሳብ ይግባ። ደረሰኝ ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ አጥቢያ ገንዘብ የሚቀበለው በደረሰኝ ነው። «ደረሰኝ ለምን አስፈለገሽ? እኔን አታምኚም?» ካላችሁ መልሱ ያ ነው።

ሁለተኛ፣ ምዝገባውን ጠይቁ። በአገራችን የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይባላል። የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል። አስተዳደራዊ ወጪውም ከገቢው ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚያ አዋጅ አትመዘገብም። ስለዚህ ለአጥቢያ፣ ለገዳም ወይም ለአብነት ትምህርት ቤት ስትሰጡ ከሰበካ ጉባኤው ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከወረዳው ወደ ሀገረ ስብከት ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ግን አትደውሉ፤ እርሱን የሚያነሣው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ነውና። ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ በዓይን የሚያይ ሰው ላኩ። ባለጸጎቹ ለጋሾች በብዙ ገንዘብ የሚቀጥሩት ተቈጣጣሪ ለእናንተ በነጻ አላችሁ፤ ወንድም፣ አጎት፣ የክርስትና ልጅ በየአገሩ አላችሁ። አንድ ቀን ሄዶ ያየ ሰው አሥር ማኅተም ካለበት ወረቀት ይበልጣል።

አራተኛ፣ የሚያጣድፋችሁን ፍሩ። «ዛሬውኑ ካልላክሽ ይሞታል» የሚል መልእክት የሚጽፈው ለመጠየቅ ጊዜ እንዳታገኙ ነው። የሕመምተኛ ነገር በእርግጥ የማይቆይበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜም የሆስፒታሉን ስምና የሐኪም ማስረጃውን ጠይቁ፤ ክፍያውንም የምታውቁት ሰው ለሆስፒታሉ ራሱ ይክፈል።

አምስተኛ፣ ሕፃኑን እንዴት እንደሚያሳዩአችሁ ተመልከቱ። ጠንቃቃ ድርጅት የሕፃናትን ሙሉ ስምና የሚኖሩበትን ቦታ ለማያውቀው ሰው አይበትንም፤ እርቃናቸውን ፎቶግራፍ አንሥቶ አይለምንባቸውም። የሕፃንን ክብር ያልጠበቀ ገንዘቡን ይጠብቅለታል ብላችሁ አትመኑ።

ትልልቆቹስ?

«ታዲያ በዓለም ስማቸው የታወቀውን ብቻ ብናምንስ?» ትሉኝ ይሆናል። እነርሱም ቢሆኑ ተጠይቀዋል። የአሜሪካው ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳወጣው፣ ጋዜጠኞቹ ራሳቸው እንደ ማንኛውም ሰው ገንዘብ እየከፈሉ በታወቁ ድርጅቶች በኩል 12 ሕፃናትን ስፖንሰር አደረጉ፤ ኋላም ሄደው ፈለጓቸው። ከእነርሱ አንዷ የማሊ ልጅ በመብረቅ ሞታ ነበር። ለስፖንሰሯ ግን ስለ እርሷ ደብዳቤ መድረሱ አልቀረም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ልባችሁን ላቀዘቅዝ አይደለም። በደንብ የተያዘ እርዳታ ፍሬ እንዳለውም ተመርምሮ ታይቷል። ብሩስ ዋይዲክ የሚባሉ የኢኮኖሚ መምህርና ባልደረቦቻቸው ኡጋንዳንና ኬንያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 አወጡ። ኮምፓሽን በተባለው ድርጅት በኩል በሕፃንነታቸው የተረዱት ካልተረዱት ይልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ጨምረው ተምረው ተገኙ። ድርጅቱ የሌላ ቤተ እምነት ነው፤ እውነቱ ግን እውነት ነው። በወር የምትሰጡት ጥቂት ገንዘብ በታማኝ እጅ ከገባ የሰው ሕይወት ይለውጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቃችሁ። «ስፖንሰር ነኝ» ብሎ ልጁን ራሱን ወደ ውጭ እወስዳለሁ የሚል ቢመጣ ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ፤ እንዳይፈርሙ። ቀደም ባሉት ዓመታት በገጠር የነበሩ ወላጆች ልጃችን የሚማርበት እርዳታ ነው ብለው ፈርመው፣ ጉዲፈቻ ሆኖ የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የቀሩ አሉ። የኢትዮጵያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል። ስፖንሰር ልጅን ይረዳል እንጂ ከወላጁ አይነጥቅም።

የምትኖሩበትንም አገር ሕግ እወቁ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 3 ግለሰብ መዋጮ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ ለመሰብሰብ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ነው። በስልክ ቡድን ውስጥ «ለእገሌ ሕመምተኛ እንረባረብ» ብሎ ማሰባሰብ ለበጎ ቢሆንም ሊያስቀጣ ይችላል። በሳዑዲ ዐረቢያና በኩዌትም መዋጮ ያለ ፈቃድ አይሰበሰብም። በእነዚህ አገሮች ያላችሁ እኅቶቼ፣ ለወገን ስትሉ ራሳችሁ እስር ቤት እንዳትገቡ፣ ከመሰብሰብ በፊት ጠይቁ።

ስፖንሰር ለምትፈልጊው

አሁን ወደ ሁለተኛዋ እኅቴ ልመለስ። ልጄ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ለአጥቢያሽ ሰዎች የደመወዝሽን ልክ በግልጽ ንገሪያቸው። ውጭ አገር ያለ ሁሉ ባለጸጋ ነው ብለው የሚያስቡት ስላልነገርናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ይህን አስጽፊያቸው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ተማሪዎቹ ስንት ናቸው? የጎደላቸው ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ነው? አጥቢያው ራሱ ምን አዋጣ? ገንዘቡን በኃላፊነት የሚቀበሉት ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? እርዳታው የሚያበቃው መቼ ነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን መመለስ ካልቻሉ ስፖንሰር ለመፈለግ ገና ናቸው ማለት ነው። በወረዳና በሀገረ ስብከት የተረጋገጠ ወረቀት ሲይዙ የሚያንኳኩት በር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አላት። ማኅበረ ቅዱሳንም የአብነት ትምህርት ቤቶችንና ገዳማትን በመርዳት ብዙ ዓመት ሠርቷል።

«ስፖንሰር ተገኝቶላችኋል፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ሺህ ብር አስቀድማችሁ ክፈሉ» የሚል ቢመጣ ግን በሩን ዝጉበት። እውነተኛ ረጂ ከሚረዳው ችግረኛ ገንዘብ አይጠይቅም።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሷቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ በረኀቡ መካከል በሞተች እናቷ ላይ ያለች ሕፃን አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሕፃናቱ ቍጥር 21 ደረሰ፤ እርሳቸውም ስለ እነዚያ ልጆች ትዳራቸውን እስከ መተው ደረሱ። ሲጀምሩ ስፖንሰር አልነበራቸውም። ሥራቸው ታየ፤ ረጂው ከዚያ በኋላ መጣ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች እናት ነበሩ። ሥራ የሌለው ወረቀት ለጊዜው ያታልላል እንጂ አይዘልቅም።

ደብዳቤ ያልጻፉት የኔታ

እኛም ከዚያ ውርደት በኋላ ወደ ዓይነ ስውሩ የኔታ ሰው ላክን። ጓደኛዬ በእግሩ ሄዶ ተማሪዎቹን አየ፣ «በየወሩ ምን ያህል እንላክላችሁ?» ብሎም ጠየቃቸው። የኔታ የመለሱለትን ቃል እኔ በመጽሐፍ አላገኘሁትም። «በየወሩ አትላኩ» አሉት። «መንደሩ እየመገበን ነው። ስፖንሰር መጣላቸው ከተባለ እናቶች ቁራሹን ይተዋሉ። እናንተ የደከማችሁ ቀን ሁለቱንም እናጣለን። ሐምሌና ነሐሴ ግን የገበሬውም ጎተራ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ብቻ እህል ግዙልን።»

በመጀመሪያው ዓመት በሰኔ 12 ኩንታል በቆሎ ተገዛ። ለ40 ተማሪ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢደርሰው ለሁለት ወር ያህል መሆኑ ነው። ገንዘቡን የተቀበሉት የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ፣ የወረዳ ቤተ ክህነቱ ተወካይና አንድ የመንደሩ ገበሬ ናቸው። ከረጢቶቹ በተማሪዎቹ ፊት ተቈጠሩ፤ ደረሰኙም ተላከልን። በዐውደ ምሕረት ቆማ ደረሰኙን ያነበበችው ያቺ ደመወዟን የተነጠቀች ልጅ ናት። ከዚያም በየዓመቱ አነበበች።

እርሷ አሁን ወደ አገሯ ገብታለች። በገባች በዓመቱ ደወለችልኝ። የኔታን ለመሳለም ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ሄዳ ኖሯል። «አባ፣ እኔው ራሴ ቈጠርኳቸው» አለችኝ፤ «43 ናቸው።»

እኅቶቼ፣ ስጡ። ነገር ግን እንደ እርሷ ቍጠሩ።

ይቆየን።